መኪናውን ሸጦ ዕውቀቱን ማስቀረት

ስለ አውቶሞቢል በሚነገርበት ጊዜ የነጋዴው አስተያየትና የመኪና ወዳጅ የሆነው ሰው አስተያየት ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ነጋዴው የሚመለከተው ዋጋውን፥ ቀረጡንና የገዢውን ብዛት ነው፤ የመኪና ወዳጅ ግን የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፥ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ይመረምራል፥ እሑድን ሙሉ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ይውላል። ስለዚህም ብዙ ሰው እንደ ሥራ ፈት ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ይህ ሰው በዛሬው ዘመን መኪና ላይ ከሚያሰማው ቅሬታ አንዱ ለንግድ ሰዎች እጅግ የሚጠቅም ስለ ሆነ እንደ ቀልድ ሊታለፍ አይገባውም። ይኸውም፥ የዛሬው ፋብሪካ መኪናውን ይሸጣል እንጂ የመኪናውን ዕውቀት አይሸጥም የሚለው ነው።

የዚህን አባባል መነሻ ለመረዳት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የኖረችውን ቮልስዋገን ማስታወስ ይበቃል። ይህች መኪና የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ሞተሯ በስተኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የላትም፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዝባቸው አራት ቡሎኖች ሲፈቱ ሞተሩ ወርዶ መሬት ላይ ይቀመጣል። ካንዴላ ቢቆሽሽ፥ ካርቡራቶር ቢደፈን፥ ቺንጋ ቢበጠስ ባለቤቱ ራሱ፥ እርሱም ባይችል የሠፈሩ መካኒክ ያበጀዋል። የሚጎድለው ዕቃ ከሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ አዲስ ባይገኝ ከሌላ መኪና የወለቀ ይገኛል። የጋራዥ ልጅ ሞያውን የሚማረው እንዲህ ባለችው መኪና ላይ ነው፤ መምህሩም ዓይኑና እጁ ነበሩ። መኪናይቱ ዋጋዋን ጠብቃ ከእጅ ወደ እጅ ልትሸጋገር የቻለችው በጥንካሬዋ ብቻ ሳይሆን ማንም ሊያበጃት የሚችል በመሆኑ ጭምር ነው።

በእውነቱ ከሆነ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ውዳሴ ሁሉ እንዳለ የሚታመን አይደለም። የዚችው ቮልስዋገን የቤንዚን ታንክ የተቀመጠው ከፊት ለፊት፥ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ነበር፤ ይህንን ግን የሚያነሣው እምብዛም ነው። የዛሬው መኪና ሰውን ከአደጋ በመጠበቅ ከቀድሞው እጅግ የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። ዛሬ ሁሉ የሚታጠቀውን ባለ ሦስት ማያያዣ የደኅንነት ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው የቮልቮ ፋብሪካ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው፤ ፋብሪካውም የፈጠራ መብቱን ለራሱ ብቻ ሳይዝ ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲሠሩበት ክፍት አደረገው። በዚህም ፋብሪካው ከገበያ አልወጣም።

አሁን ግን ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። መኪናን የሚመራው ከሽቦና ከብረት ይልቅ ኮምፒዩተር ሆኗል። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚሸጡ አውቶሞቢሎች ብልሽታቸውን የሚናገሩበት አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖራቸው በሕግ ተደንግጓል፤ በዚህ መሰኪያ የሚነበበው የጋራው ቋንቋ ግን ጥቂት ነው፤ የቀረውን እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ምሥጢር ይይዘዋል። ከዚህም አልፎ ቢ ኤም ደብሊው እ.ኤ.አ. በ2022 በመኪናው ውስጥ ቀድሞውኑ የተገጠመውን የመቀመጫ ማሞቂያ በአንዳንድ አገሮች በወር ክፍያ ያከራይ ጀመር፤ ገዢዎች ስላጉረመረሙ በ2023 ተወው። የገዛኸውን ወንበር እንደ ገና ተከራየው ማለት በየትኛውም ገበያ የሚያስኬድ አይደለም።

በማሳቹሴትስ ግዛት ይህንን የተቃወሙት ተርታ ባለ መኪናዎችና ባለ ጋራዦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሕግ ፋብሪካዎች ለራሳቸው ወኪሎች የሚሰጡትን የጥገና መመሪያና የመመርመሪያ መሣሪያ በተገቢ ዋጋ ለማንኛውም ጋራዥ እንዲሸጡ ተገደዱ፤ በ2020 ደግሞ ሕዝቡ በድምፁ ሕጉን ከመኪናው በአየር ወደሚተላለፈው መረጃ አሰፋው። ፋብሪካዎቹ በፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ መከራከራቸውም ነገሩ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለበት ያስረዳል።

ይህ ጉዳይ ከማሳቹሴትስ ይልቅ ለአዲስ አበባ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። አገሪቱ ለነዳጅ የምታወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለሚያውቅ የውሳኔው ምክንያት ግልጥ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ፥ የሞተር ዘይትና የናፍታ ፊልትሮ አያስፈልጋትም፤ ስትቆም ኃይሏን ወደ ባትሪው ስለምትመልስ የፍሬን ሸራዋም ቶሎ አያልቅም። ነገር ግን ከዋጋዋ ትልቁን ድርሻ የያዘው ባትሪ ነው። ባትሪው የብዙ ትናንሽ ክፍሎች ስብስብ ሲሆን፥ ከመካከላቸው አንዱ ሲደክም የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ የሚነግረው ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩን የሚጠይቅ መሣሪያ የሌለው መካኒክ ወይ ባትሪው በሙሉ ይለወጥ ይላል፥ ወይ መኪናይቱ ትቁም ይላል። በአብዛኞቹ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ 400 ቮልት ገደማ ስለ ሆነ እንደ ድሮው በመነካካት መማር አይቻልም፤ ያልተማረ እጅ ሕይወት ያስከፍላል።

ችግሩን የሚያብሰው መኪናዎቹ የሚመጡበት መንገድ ነው። ለቻይና ገበያ ብቻ ተብላ የተሠራች መኪና በሦስተኛ ወገን ተገዝታ ስትገባ በመስተዋቷ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ቻይንኛ፥ የኃይል መሙያ መሰኪያዋም በአውሮፓ ከሚሠራበት የተለየ ይሆናል፤ የፋብሪካው ዋስትናም ከዚያ አገር ድንበር ላይሻገር ይችላል። ገዢው ይህንን የሚያውቀው ሊብሬውን ከተቀበለ በኋላ ነው። ሻጩ ነጋዴ በዚያች ዕለት ትርፉን ያገኛል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የቆመች መኪና በየሠፈሩ ስትታይ ሁለተኛ ገዢ ከየት ይመጣል?

አንዳንድ አስመጪዎች ይህን መጠየቅ ዋጋ ያስወድዳል፥ አቅራቢውም ሌላ ገዢ ይፈልጋል ይሉ ይሆናል። አንድ መኪና ለሚያስመጣ ሰው እውነት ነው። ሃምሳና መቶ የሚያዝዝ ነጋዴ ግን የመጠየቅ ኃይል አለው፤ ብቻውን የማይችልም ከሁለት ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ የመመርመሪያ መሣሪያ በጋራ ሊገዛና መካኒኮቹን በጋራ ሊያሠለጥን ይችላል። የጥገናውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ማስመለስም በንግድ ምክር ቤት በኩል ቢታሰብ ወጪው ለብዙዎች ስለሚከፋፈል ከባድ አይሆንም።

የሚጻፈው ደብዳቤ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የመስተዋቱ ጽሑፍ በምን ቋንቋ ነው? መሰኪያው የትኛው ዓይነት ነው? የጥገና መጽሐፉና የሽቦው ንድፍ አብሮ ይላካል? የመመርመሪያው መሣሪያ ፈቃድ ለስንት ዓመት ይሰጣል? የባትሪው ክፍሎች በተናጠል ይሸጣሉ ወይስ በሙሉ ብቻ? ዋስትናው በኢትዮጵያ ይሠራል? መልሱ በጽሑፍና በፋብሪካው ማኅተም ሆኖ ባንክ ቤት ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከመከፈቱ በፊት መድረስ ይኖርበታል፤ ከተከፈተ በኋላ የሚመጣ መልስ ለነጋዴውም ለገዢውም የሚፈይደው ነገር የለም።