ዲሬክተሩ ከምስክር ወረቀቱ በኋላ የሚያየው

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በሆነችው በጁባ፥ ኤምባሲዎች በሚገኙበት በኮሎሎም ሆነ በሌላው ሰፈር፥ የአገራችን ሰው ይበልጡን የሚታወቀው በሆቴልና በንግድ ሥራ ነው። ከነዚህ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ በአስተማሪነት ለመቀጠር የሚያስብ ወጣት በቤት ውስጥ ሲገኝ፥ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ደሞዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ከደሞዙ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ከፊቱ የቀረበውን እንግዳ ሰው ሲመለከት ምን ይፈልግበታል? የሚለው ነው። ይህ አመልካቹን ብቻ ሳይሆን ልጁን ወደዚያ ክፍል የሚልከውን ወላጅም የሚመለከት ነገር ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪውን የሚቀጥረው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ስለ ሆነ፥ ዲሬክተሩ የተላከለትን ተቀብሎ ክፍል ከመስጠት በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። በግልና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ግን ምርጫውም ተጠያቂነቱም በእርሱ ላይ ይወድቃል።

ሥራውን የለመደ ዲሬክተር ምስክር ወረቀቱን መርምሮ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ አያስፈልገውም። ትክክለኛ መሆኑን፥ የትምህርቱን ዓይነት፥ አመልካቹ ከዚህ በፊት ያገለገለበትን ስፍራና የተወበትን ምክንያት ያያል። ወረቀቱ ሰውየው ምን እንደ ተማረ ይናገራል እንጂ፥ ስለ ማስተማሩ የሚለው ጥቂት ነው።

በጁባ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የቋንቋ ነገር ነው። አገሪቱ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ስታውጅ፥ ሕገ መንግሥቷ እንግሊዝኛን የመንግሥት ሥራና የትምህርት ቋንቋ አደረገው። ከዚያ በፊት ግን በካርቱም መንግሥት ዘመን ብዙዎች የተማሩትም ያስተማሩትም በዐረብኛ ነበር። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ጠመኔ የያዘ ሰው በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሲቸግረው፥ ከዩጋንዳ፥ ከኬንያ ወይም ከኢትዮጵያ የመጣ ወጣት በወረቀት በልጦ ይገኛል። በወረቀት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃኑ በቤቱ የሚናገረው ባሪ ወይም ዲንካ ወይም ሌላ የአገሩን ቋንቋ ነው፤ በገበያ የሚናገረው የጁባ ዐረብኛ የሚባለውን ነው፤ ብዙው ሕፃን እንግሊዝኛን በደንብ የሚሰማው በክፍል ውስጥ ብቻ ነው። የአገሪቱ የትምህርት መመሪያም እስከ ሦስተኛ ክፍል በአገር ቋንቋ መማርን የሚደግፈው ይህን በማሰብ ነው።

ጭንቀቱ የዛሬ አይደለም። በ1920 ዓ.ም. ከጁባ አጠገብ በምትገኘው በረጃፍ የተሰበሰቡት የእንግሊዝ ሹማምንትና ሚሲዮናውያን፥ ለደቡብ ትምህርት ቤቶች ባሪ፥ ዲንካ፥ ኑኤር፥ ሺሉክ፥ ላቱካና ዛንዴ የተባሉትን ስድስት ቋንቋዎች መርጠው ነበር። በዚያ ዘመን የደቡቡ ትምህርት በሚሲዮን እጅ ነበርና። በ1949 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶቹን የሱዳን መንግሥት ወረሳቸው፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ሚሲዮናውያኑ ከደቡብ ተባረሩ፤ ዐረብኛም እየተስፋፋ ሄደ። እንግዲህ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ አያቱ በባሪ፥ አባቱ በዐረብኛ፥ ልጁ በእንግሊዝኛ ፊደል ቈጥረው ቢገኙ የሚያስገርም አይደለም።

እኔ በቤቴ ትግርኛ እየተናገርሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ፥ ይህ ነገር ከሩቅ የሰማሁት ወሬ አይሆንብኝም። አንድ አስተማሪያችን የእንግሊዝኛውን ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት «ይህን በቤታችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። ትግርኛ አያውቅም ነበር፤ ቃሉን ሲያበላሸው እኛ እንስቃለን፥ እርሱም አብሮን ይስቃል፥ ከዚያ በኋላ የእርሱን ቃል ለመሞከር የሚያፍር ልጅ አልነበረም። ወደ ጁባ የሚሄደው የአገራችን ወጣትም በአንድ ወር ባሪን ይናገራል ብሎ የሚጠብቅ ዲሬክተር የለም። የሚጠበቅበት ለመጠየቅ አለማፈሩ ነው።

እንግዳ አስተማሪ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያስተማሩት ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ከዚያም በኋላ ሕንዳውያን በየጠቅላይ ግዛቱ ሂሳብና ሳይንስ አስተማሩ፤ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች መጥተው በየትምህርት ቤቱ ተመደቡ። የዚያን ዘመን ተማሪዎች የነበሩ ሽማግሌዎች እነዚህን ሰዎች ሲያነሡ፥ ማን ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደ ተመረቀ ሲናገሩ አልሰማሁም። ማን በትዕግሥት እንዳስረዳቸው፥ ማንስ እንዳዋረዳቸው ግን ስሙን እየጠሩ ይናገራሉ።

አስተዋይ ዲሬክተር ይህን ስለሚያውቅ አመልካቹን በጥያቄ ብቻ አይፈትነውም፤ ክፍል አስገብቶ ሃያ ደቂቃ ያስተምር ዘንድ ያዘዋል፤ እርሱም ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በመጀመሪያ የሚያየው የሰሌዳ ጽሕፈቱንና የድምፁን መጠን ነው፤ ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል እነዚህ ትንሽ ነገር አይደሉምና። ዋናው ፈተና ግን የሚመጣው አንድ ልጅ ሲሳሳት ነው። ለምሳሌ አስተማሪው «ከግማሽና ከሩብ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ አንዱ ተማሪ ተነሥቶ «ሩብ ይበልጣል፤ አራት ከሁለት ይበልጣልና» ይላል። አንዱ አመልካች «ተሳስተሃል፥ ተቀመጥ!» ብሎ እጁን ወደ ሌላው ይዘረጋል። ሌላው ክፍሉ ሲስቅ አብሮ ይስቃል። ሦስተኛው ግን ልጁ በአሳቡ የሄደበት መንገድ እንዳለው ተረድቶ፥ አንድ ወረቀት ለሁለት፥ ሌላውን ለአራት ያሳጥፈዋል፤ ቊራጮቹንም ራሱ ልጁ ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲያያቸው ያደርጋል። ዲሬክተሩ የሚፈልገው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ እንግሊዝኛው ከሁለቱ ያነሰ ቢሆን እንኳ።

ይህ የአስተማሪ ጠባይ ብቻ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በራሷ በጁባ የተደረገው ውጊያ ብዙ ሕፃናትን ከትምህርታቸው አፈናቅሏል። ዩኒሴፍ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የአገሪቱ ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ መሆናቸውን ይገምታል። በዐሥራ አምስት ዓመቷ አራተኛ ክፍል የገባች ልጃገረድ ከትንንሾቹ መካከል ቆማ ስትመልስ አንድ ጊዜ ከተሳቀባት፥ በማግሥቱ ውሃ ቀጂ ስትባል ትምህርቴ ይቀርብኛል ብላ የምትከራከርበት ምክንያት አይኖራትም። ስለ ልጃገረዶች ከተነሣ ዘንድ፥ የአመልካቹን ጠባይ ቀድሞ ከሠራበት ትምህርት ቤት ሳይጠይቅ የሚቀጥር ዲሬክተር ምንም ዓይነት ይቅርታ የሚገባው አይመስለኝም። በዘመድ ወይም ደሞዙ ስለ ረከሰ ብቻ የሚቀጥርም አለ፤ የዚህን ዋጋ የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው።

አሁን ወደ ደሞዙ እንመለስ። በደቡብ ሱዳን የመንግሥት አስተማሪ ደሞዝ የገንዘቡ ዋጋ ስለ ወደቀ እጅግ አንሷል፤ ለብዙ ወራት ሳይከፈል የቀረበትም ጊዜ አለ። በ2009 ዓ.ም. ገደማ የአውሮፓ ኅብረት ለአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች በወር 40 ዶላር መደጎም የጀመረው አስተማሪው ክፍሉን ትቶ እንዳይሄድ ነበር። የግል ትምህርት ቤት ከወላጆች በሚሰበስበው ክፍያ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ከዚህ ችግር ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ስለዚህ የዲሬክተሩ የመጨረሻ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ደሞዙ ቢዘገይ ምን ያደርጋሉ?» የሚል ይሆናል። «ምንም ቢሆን አልሄድም» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ የሰማ ዲሬክተር ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። «ቤተ ሰብ አለኝና ብዙ አልታገሥም፤ ነገር ግን አስቀድሜ ሳልነግርዎና የጀመርሁትን ወቅት ሳልጨርስ ክፍሉን ጥዬ አልሄድም» ያለውን ሰው ግን ስሙን በመዝገቡ ላይ ይጽፈዋል።