የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ በወንዝ ዳር ያሉ የቡና መፈልፈያዎች

የጅማ ቅርስ ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር የጅሬን ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ይህ እትም ግን በአጋሮ ዙሪያና በሊሙ ኮሳ በወንዞች ዳር የተሠሩትን የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች፣ ማለትም ቀዩ ፍሬ ተልጦ የሚታጠብባቸውን ሥፍራዎች፣ በሥነ ሕንፃ ዓይን ይመረምራል። ግንባታቸው ተዳፋትን የሚከተል ነው፤ ፍሬው ከላይ ገብቶ ልጣጩ በማሽን ከተለየ በኋላ፣ የሚያጣብቀው ልባስ እስኪለቅ በስሚንቶ ገንዳ ይብላላል፣ ቀጥሎም ውሃ በረጅሙ ማጠቢያ ቦይ ሲገፋው ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ይንሳፈፋል፣ በመጨረሻም ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ውሃ ቆጣቢ ማሽን ሲገባ አሮጌው ገንዳና ቦይ ሳይለካና ሳይመዘገብ መፍረሱ እጅግ ያሳዝናል፤ ወንዞችን የበከለው ፍሳሽም የዚሁ ታሪክ አካል በመሆኑ በእትሙ ሰፊ ቦታ ተሰጥቶታል።