ዋት መሸጥ እናቁም

ለፋሲካ የሸጥንላቸውን ሆም ቴአትር አንዲት እናት በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ በላዳ ጭነው መልሰው አመጡት። የገዙት ልጃቸው ከቤይሩት በላከችው ገንዘብ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «12,000 ዋት» ይላል። ዕቃው አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም። «ጩኸቱ ቤቱን ያናውጠዋል፤ ሰዎቹ የሚሉት ግን አይሰማም። ልጆቹ ንግግር ሲሆን ይጨምራሉ፣ ተኩስ ሲመጣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል» አሉን። እኛም ሰክተን ሞከርነው፤ ይሠራል። የሚሠራ ዕቃ አንመልስም አልናቸው። «ጥሩ ነው ስላላችሁኝ እኮ ነው የገዛሁት» ብለው ሳጥናቸውን አስጭነው ሄዱ።

ልክ ነበሩ። ጥሩ ነው ብለናል። ጥሩ ያልነው ደግሞ ሰምተነው ሳይሆን ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብበን ነው።

እኛ ከናይሮቢና ከዱባይ፣ በሞያሌና በጅቡቲ በኩል ዕቃ እያመላለስን የምንሸጥ ነጋዴዎች ነን። ይህን የምንጽፈው ለሙያ ጓደኞቻችንና ለሳሎናቸው ድምፅ ለሚገዙ ቤተሰቦች ነው። የምንለው አጭር ነው፦ ዋት መሸጥ እናቁም፤ ዋት መግዛትም ይቁም። በትንሽ ገንዘብ ደህና ድምፅ ይገኛል። የሚገኘው ግን አምስት ስፒከር የታጨቀበት ካርቶን በመግዛት አይደለም። ሁለት ጥሩ ስፒከርና አንድ እውነተኛ አምፕሊፋየር ገዝቶ፣ ሌላውን አቅም ሲፈቅድ በመጨመር ነው።

መጀመሪያ ከቁጥሩ እንነሣ። ካርቶን ላይ የሚጻፈው «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚባለው ዋት ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ የለውም። አምራቹ ያሻውን ይጽፋል። ትርጉም ያለው «አር.ኤም.ኤስ.» የሚባለው፣ አምፕሊፋየሩ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው። እሱም ቢሆን አንዳንዴ ይጋነናል። ስለዚህ ካርቶኑን ተዉትና ዕቃውን ገልብጡት። ከጀርባው፣ ከመብራት ገመዱ አጠገብ በተለጠፈው ላይ ዕቃው ከመብራት የሚወስደው ዋት ተጽፏል። እዚያ ላይ 80 ዋት የሚል ከሆነ 12,000 ከየት ይመጣል? ከአንድ ኩንታል ጤፍ 150 ኩንታል ዱቄት እንደመጠበቅ ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። አንድ ሶኬት 16 አምፔር ቢችል እንኳ ከሱ የሚወጣው በጠቅላላው 3,520 ዋት ነው። 12,000 ዋት በእውነት የሚወስድ ዕቃ ቢኖርማ ገና ሲሰካ ቆጣሪው ይወርድ ነበር።

ብዙ ዋት ብዙ ድምፅ ማለትም አይደለም። የአምፕሊፋየሩ ኃይል ከ50 ወደ 100 ዋት ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ጨመረ» ይላል እንጂ እጥፍ ሆነ አይልም። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። በአንጻሩ ስፒከሩ ራሱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከርና 84 የሚሰጥ ስፒከር አሉ እንበል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ለመስተካከል አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ይህ ቁጥር «ሴንሲቲቪቲ» ተብሎ ከስፒከሩ ጋር ይጻፋል። እስቲ ስንቶቻችን ነን ለደንበኛ አንብበንለት የምናውቀው? በተለመደ ሳሎን ውስጥ፣ ሦስት ሜትር ርቆ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ በደህና ስፒከር ጥቂት ዋት ቤቱን ይሞላዋል።

ሁለተኛው ማታለያ «አምስት» የሚለው ቁጥር ነው። 5.1 ማለት ሦስት ስፒከር ከፊት፣ ሁለት ከተመልካቹ ጎንና ጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ አንዱ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሳብዉፈር ነው። የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመካከለኛው የፊት ስፒከር ነው። ርካሹ ካርቶን ውስጥ ያ ስፒከር ከቡና ሲኒ አፍ የማይበልጥ ኮን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። የሰው ድምፅ የሚጠይቀውን ያህል መውረድ ስለማይችል ያንን ክፍል ሳብዉፈሩ ይወስደዋል፤ እሱ ደግሞ ያጉረመርማል እንጂ አይናገርም። እኚያ እናት «ሰዎቹ የሚሉት አይሰማም» ያሉት ይህንን ነው። በሽታውን በትክክል ነገሩን፤ እኛ ግን አልገባንም።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ስንት ቤት ገብተን አይተናል? አምስቱም ስፒከሮች ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። የኋላዎቹን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ሽቦ አጭር ነው፣ በርም መንገድ ይዘጋል፣ ግድግዳ መብሳትም የተከራየ ሰው አይችልም። ስለዚህ ደንበኛው አምስት ከፍሎ የሚሰማው ሁለት ነው፤ እነሱም ደካማ ሁለት።

ምንጩስ? አብዛኛው ቤተሰብ የሚያየው በዲሽ የሚመጡ ቻናሎችን፣ በስልክና በዩቲዩብ የሚለቀቁ ድራማዎችን፣ ዘፈንና መዝሙር ነው። ይህ በአብዛኛው በስቴሪዮ፣ ማለትም ለሁለት ስፒከር የተሠራ ነው። የሌሉትን ሦስት ድምፆች ዕቃው ከሁለቱ ገልብጦ ይፈጥራቸዋል እንጂ ከምንጩ አይመጡም። አምስቱን ድምፅ በእውነት የሚሰጠው ዲቪዲ፣ ብሉሬይና እንደ ኔትፍሊክስ ያለ አገልግሎት ነው። ቤታችሁ እነዚህ ከሌሉ ገንዘባችሁን በኋላ ስፒከር ላይ አታፍስሱ።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ቅደም ተከተሉን እንናገር።

አንደኛ፣ ሁለት የፊት ስፒከር። ካላችሁ ገንዘብ ግማሹ እዚህ ይግባ። ሳጥኑ እንጨት ወይም ኤምዲኤፍ፣ ኮኑ አምስት ወይም ስድስት ተኩል ኢንች ቢሆን ለሳሎን ይበቃል። የሚያብረቀርቅ መብራት ያለውን ተዉት። አንዳንዱ ላይ ከምታዩአቸው ኮኖች ግማሾቹ ጌጥ ናቸው፤ ከኋላቸው ሽቦ የለም። ዘፈን ከፍታችሁ ጆሯችሁን ለእያንዳንዱ ኮን አስጠጉ።

ሁለተኛ፣ አምፕሊፋየር። ቢቻል አምስት ስፒከር የሚይዝ «ኤቪ ሪሲቨር» ያገለገለ ግዙ። የዲሹን ሪሲቨር ማለታችን አይደለም፤ ቴሌቪዥኑንና ዲሹን ተቀብሎ ድምፁን ለስፒከሮች የሚያከፋፍለውን ነው። ዛሬ ሁለት ስፒከር ብቻ ትሰኩበታላችሁ፤ ነገ ሦስተኛው ሲመጣ ቦታው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የካርቶኑ ሆም ቴአትር ይህ የለውም፤ አንዱ አካል ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ይጣላል።

ሦስተኛ፣ የመካከለኛው ስፒከር፣ ፊልም የምታዩ ከሆነ። ከሁለቱ የፊት ስፒከሮች ጋር አንድ ዓይነት ሥሪት ቢሆን ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር አይቀያየርም። አራተኛ፣ ሳብዉፈር። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ግን ወፍራም ድምፅ ግድግዳና ወለል አልፎ እንደሚሄድ አስቡ፤ ምናልባት ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። የኋላዎቹ ሁለቱ መጨረሻ ይምጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ያገለገለ ስንል ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ናይሮቢ ሉቱሊ ጎዳና አካባቢ «ኤክስ ዩኬ» እየተባለ የሚሸጠው ከእንግሊዝ የመጣ ዕቃ ነው። የእንግሊዝ መብራት 230 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ስለሆነ ለኛም ለኬንያም ይስማማል፤ ሶኬቱ ብቻ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ አስማሚ ይፈልጋል። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣው ግን 120 ቮልት ነው። እንዳለ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ለ60 ኸርትዝ ብቻ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በኛ 50 ኸርትዝ ይበልጥ ሊሞቅ ይችላል። ዲሲ ላላችሁ ወገኖቻችን፦ ለእናት የሚላክ ስጦታ ጀርባውን ሳታነቡ አትላኩ።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ይህን አድርጉ። የስፒከሩን ኮን በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፤ የሚፋቅ ድምፅ ካለ ውስጡ ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል። በኮኑ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ከሆነ ንኩት፤ እንደ ደረቅ ዳቦ የሚፈረፈር ከሆነ ማስቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። አምፕሊፋየሩን ለግማሽ ሰዓት ዘፈን አጫውቱበት። ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ተዉት። እያንዳንዱን የስፒከር ቀዳዳና የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ሞክሩ። ቴሌቪዥናችሁና ሪሲቨሩ ሁለቱም «አርክ» ካላቸው አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ይበቃል። ሪሲቨሩ ከዚያ ያረጀ ከሆነ የኦፕቲካል ገመድ ይሠራል። ኦሙንም እዩ፦ አምፕሊፋየሩ ከ6 እስከ 8 ኦም የሚል ከሆነ 4 ኦም ስፒከር አትስኩበት።

ሽቦውን በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ብርማ ከሆነ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በመዳብ ዋጋ አትክፈሉ። ተራው የቤት መስመር 1.5 የመዳብ ሽቦ ለሳሎን ርቀት በደንብ ይሠራል፤ «የስፒከር ልዩ ገመድ» ብለን በውድ የምንሸጠውን ማንም አያስፈልገውም። ይህን ስንጽፍ የራሳችንን ኪስ እየነካን መሆኑን እናውቃለን። ያንን ገንዘብ ለስታቢላይዘር አውሉት።

አሁን ከሙያ ጓደኞቻችን የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን። «ደንበኛው የሚጠይቀው ዋት ነው» ትላላችሁ። ዋት እንዲጠይቅ ያስተማርነው እኛ ነን። «ስንት ዋት ነው?» ሲለን «ሳሎንህ ስንት በስንት ነው? ምን ታያለህ?» ብለን መልሰን የጠየቅነው ስንት ጊዜ ነው?

«ካርቶኑ ቶሎ ይሸጣል፣ በቁራጭ መሸጥ ጣጣ ነው» ትላላችሁ። የካርቶኑ ኪራይስ? በመርከብ የምንከፍለው በቦታው ስፋት ነው፤ ሆም ቴአትር ካርቶን ውስጥ ደግሞ አብዛኛው አየርና ስታይሮፎም ነው። የስፒከር ኮኑንና አምፕሊፋየሩን ብቻ አምጥተን ባፍሉን እዚሁ አናጺ ቢሠራው፣ አምራቹ ለኮኑ ያወጣውን የሳጥን ልክ ከተከተልን፣ ከፕላስቲኩ የተሻለ ድምፅ ይወጣዋል፤ ሥራውም እዚሁ ይቀራል።

«ድሃው ይህን አይችልም» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። የተቸገረ ሰው ነው ሁለት ጊዜ መግዛት የማይችለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ ሲበላሽ የሚጣል የነበረ ዕቃ ዛሬ የቤት ኪራይ ነው። ያችን ቤይሩት ያለች ልጅ አስቧት፤ የሰው ቤት ስትጠርግ የዋለችበትን ወር እኛ በአንድ የውሸት ቁጥር ወስደነዋል።

አንድ ነገር ግን አንካድም። ጠባብ ክፍል ላለው፣ ዜናና ድራማ ብቻ ለሚያይ፣ ሽቦ መጎተት ለማይፈልግ ሰው ደህና ሳውንድባር ከርካሽ ባለ አምስት ካርቶን ይሻለዋል። እንዲህ ላለው ደንበኛ ሪሲቨር መጫን ሌላ ማታለል ነው። ዋናው ነገር ለሰውየው ቤት የሚሆነውን መንገር ነው።

ስለዚህ እኛ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ነገር እናደርጋለን። በጀርባው ያልተጻፈ ዋት በአፋችን አንናገርም። ማንኛውንም ስፒከር የምንሸጠው ደንበኛው ራሱ ባመጣው ዘፈን ካዳመጠው በኋላ ነው። «ንግግሩ አይሰማም» ብሎ በሳምንት ውስጥ የመለሰ ሰው፣ ዕቃው ቢሠራም፣ በሌላ ይቀየርለታል። ሌሎቻችሁም እንዲሁ አድርጉ። ካላደረጋችሁ ደንበኛችሁ ወደኛ ሲመጣ አትቀየሙን።

የእኚያ እናት ስልክ ደረሰኙ ላይ ነበር። ደወልንላቸው። ሳጥኑን ይዘው ይምጡ ብለናቸዋል፤ የላዳውን ሒሳብ እኛ እንከፍላለን።