ሳይጠሩት አቤት የሚል ደብዳቤ

በጋምቤላ ከተማ ስብሰባ ወይም ሥልጠና በተደረገ ቁጥር ከሻይ ዕረፍቱ አስቀድሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ወረቀት አለ። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ የስልክ ቁጥር፣ የኢሜይል አድራሻና ፊርማ ይሰፍርበታል። ወረቀቱ የተዘጋጀው ማን እንደ ተገኘ ለማወቅ ነው። ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ አድራሻው ተገልብጦ ለሻጭና ለአስተዋዋቂ ይተላለፋል። ከዚያ ወዲያ ፈራሚው ያልጠየቀው የሸቀጥ ማስታወቂያ ይጎርፍለታል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ማለት ይህ ነው።

«ማስታወቂያ መላክ ምን ነውር አለው? የማይፈልግ ያጥፋው» የሚሉ ወጣት ሹማምንት አይጠፉም። የዚህን አስተያየት ስሕተት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጋምቤላ የራሷ ታሪክ ይበቃል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ. ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ፈቀዱ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። ፈቃዱ ግን ልክ ነበረው። የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፤ ቦታው ለፖለቲካ ወይም ለጦር ጉዳይ እንዳይውል፤ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲሆን ተጻፈ። ሱዳን በ1948 ዓ. ም. ነፃ ስትወጣ የፈቃዱ ዘመን አበቃ። እንግዲህ ለንግድ የተሰጠ መሬት ለጦር ካልሆነ፣ ለስብሰባ የተሰጠ አድራሻ ለሸቀጥ ሊሆን እንዴት ይችላል?

ሕጉም ይህንኑ ይላል። በ2008 ዓ. ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ሲባል ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል። ላኪው እውነተኛ ማንነቱንና አድራሻውን ገልጾ፣ ተቀባዩ በቀላሉ «ይቅርብኝ» የሚልበትን መንገድ ያኖረለት እንደ ሆነ ግን ከቅጣቱ ይድናል። በ2016 ዓ. ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ከዚያ ጋር ለማይስማማ ተግባር እንዳይውል ይጠብቃል።

ሕግ የማይገደው ቢኖር ጥቅሙን ይመልከት። የኢሜይል ድርጅቶች የላኪን ጠባይ ይመዘግባሉ። ጎግል ከ2016 ዓ. ም. ወዲህ በቀን 5,000 ደብዳቤ ወደ ጂሜይል የሚልኩ ሁሉ ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡ፣ በማስታወቂያቸው ላይም በአንድ ንክኪ ከመዝገብ መውጫ እንዲያኖሩ አዟል፤ «አይፈለጌ ነው» የሚለው አቤቱታም ከሺህ ሦስት መድረስ የለበትም። የእኛ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል አይልክ ይሆናል። ነገር ግን ስም የሚጠፋው በጥቂቱም ነው። ዛሬ ያልተጠየቀውን ሲልክ የከረመ መሥሪያ ቤት፣ ነገ የፈተና ቀን ወይም የቅጥር ጥሪ፣ ወይም በነሐሴ ባሮ መሙላቱን ሊያስታውቅ ሲጽፍ ደብዳቤው ማንም ከማይከፍተው የአይፈለጌ ሣጥን ይወድቃል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ላኪው ብቻ አይደለም፤ የሥራው ጥሪ ያመለጠው ወጣት ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በፊርማው ወረቀት ላይ «ወደፊት ማስታወቂያ እንዲላክልኝ ፈቅጃለሁ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ባዶ የተተወውም እንደ እንቢታ ይቆጠር። «ይብቃኝ» ያለ ሰው በዚያው ቀን ከመዝገቡ ይውጣ። ተማሪውም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «አድራሻዬ ለምን ይፈለጋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

መዝገቡ በዚህ ያጥር ይሆናል፤ ይጠር። ኀምሳ ሰው ፈቅዶ የሚያነበው ደብዳቤ፣ አምስት መቶ ሰው ሳያየው ከሚጥለው ይበልጣል።