ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የሚሄደው?

በዚህ ሳምንት ከቨርጂኒያ የደረሰኝ ደብዳቤ ሁለት ጥያቄ ይዟል። አንዱ የሒሳብ ነው፤ ሌላው የትዳር። ጸሐፊዋ ለየብቻ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ አንድ ሆነው አገኘኋቸው።

«ባለቤቴ በራሱ መኪና ሰው እያመላለሰ ነው የሚሠራው» ትላለች። «ስልኩ ላይ ያለው አፕ የነዳውን ማይል በሙሉ ይመዘግባል። ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ጉዞ በእጄ እየገለበጥኩ ወደ ሒሳብ ፕሮግራሙ ሳስገባ ዓይኔ ጠፋ። ባንዴ የሚገባበት መንገድ የለም ወይ? ሁለተኛው ግን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንድ ቦታ ይሄድና ሁለት ሰዓት ያህል ቆሞ ይመለሳል። በዚያ ሰዓት ተሳፋሪ አልጫነም። አፑ ላይ ግን ‹ሥራ› ብሎታል። ስጠይቀው ‹ሥራ ነው አልኩሽ!› ይለኛል። ዝም ብዬ ላስገባው ወይስ ልከተለው?»

እህቴ፣ መከተሉን ለጊዜው ተይው። ቀለል ያለውን እናስቀድም።

ማይል ገንዘብ ነው። አይአርኤስ ለ2025 የሥራ ጉዞ የፈቀደው በማይል 70 ሳንቲም ነበር፤ ለ2024 ደግሞ 67 ሳንቲም ነበር። በ2025 ለሥራ 20,000 ማይል የነዳ ሰው፣ ታክስ ከሚጣልበት ገቢው ላይ 14,000 ዶላር ይቀነስለታል ማለት ነው። ልብ በይ፣ ከታክሱ ላይ አይደለም፤ ከገቢው ላይ ነው።

አሁን ወደ ማስገባቱ። አፑ የዓመቱን ጉዞ ሲኤስቪ በሚባል የሰንጠረዥ ፋይል ያወጣልሻል። መጀመሪያ አንድ ኮፒ ሳትነኪ አስቀምጪ። እንደ ኩዊክቡክስ ኦንላይን ያለ ፕሮግራም የማይል ገጽ ስላለው መኪናውን እዚያ መዝግቢ፤ ከዚያ የፕሮግራሙን ናሙና ፋይል አውርጂና የአፑን ዓምዶች በናሙናው ቅደም ተከተል አስተካክዪ። ቀኑን ተጠንቀቂ፤ ወርና ቀን ቦታ ከተለዋወጡ መጋቢት 4 የነዳው ሚያዝያ 3 ሆኖ ቁጭ ይላል። ዓመቱን ባንዴ አትጫኚው። የአንድ ወር ብቻ አስገቢና ድምሩ ከአፑ ጋር እኩል መምጣቱን እዪ። ያንኑ ወር ሁለት ጊዜ አስገብተሽ ማይሉን እጥፍ እንዳታደርጊውም አደራ።

ፕሮግራምሽ የማይል ገጽ ከሌለው ደግሞ አትጨነቂ። ማይሉን በዓመቱ ተመን አባዝተሽ ከባንክ የወጣ ወጪ አስመስለሽ ግን አትጻፊ። ከባንክ የወጣ ሳንቲም የለምና ሒሳቡ በጭራሽ አይገጥምልሽም። ፋይሉን አስቀምጪ፤ ድምሩን ለታክስ ሠሪያችሁ ስጪ። በቃ።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ተምሬ ሳይሆን ተቃጥዬ ነው። እኔም መኪና እነዳ በነበረበት ጊዜ የ2024ን ፋይል ሳላየው እንዳለ አስገባሁት። ልጄን ትምህርት ቤት ያደረስኩበት፣ ለቅሶ የሄድኩበት፣ ሰርግ የዋልኩበት ሁሉ «ሥራ» ሆኖ ገባ! በላዩ ላይ የነዳጁንና የጋራዡን ደረሰኝ ደረብኩበት። ታክስ የሚሠሩልኝ የአገሬ ሰው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ ላሟንም ሸጠህ ወተቷንም ልታልብ ነው?» አሉኝ። ለካ በማይል የሚሰጠው ሳንቲም ነዳጁንም፣ ጥገናውንም፣ ኢንሹራንሱንም፣ የመኪናውን ማርጀትም አጠቃሎ ይዟል። በማይል ከቆጠርሽ እነዚህን አትጨምሪም። ለሥራ የተከፈለ የፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ግን ለብቻው ይያዛል። ያን ቀን አፍሬ ወጣሁ፤ ግን ከመጠየቅ ዳንኩ።

እንግዲህ ወደ ሐሙስ እንምጣ።

አይአርኤስ ስለ አንድ የሥራ ጉዞ አራት ነገር ተመዝግቦ ማየት ይፈልጋል፤ መቼ፣ የት፣ ስንት ማይል፣ ለምን። ሦስቱን ስልኩ ያውቃል። አራተኛውን የሚያውቀው ነጂው ብቻ ነው። «ሥራ» የሚለው ቃል ምክንያት አይደለም፤ ስም ነው። ባልሽ ያለፈውም ይህንኑ ባዶ ቦታ ነው።

የት እንደሚሄድ እኔ አላውቅም። ዕቁብ ሊሆን ይችላል፣ የታመመ ጓደኛ ሊሆን ይችላል፣ አንቺ የፈራሽውም ሊሆን ይችላል። ግን የመጠየቅ መብት አለሽ፤ የቅናት ብቻ እንዳይመስልሽ። ታክሱን በጋራ የምትፈርሙ ከሆነ እሱ «ሥራ» ላለው ሁሉ አንቺም በእኩል ትጠየቂያለሽ። ያልገባሽን ነገር የመፈረም ግዴታ የለብሽም።

አጠያየቁ ላይ ነው ጥበቡ። በር ላይ ጠብቀሽ «ማን ናት?» አትበይው። እሁድ ከሰዓት ቡና አፍዪና ስልኩንና ሰንጠረዡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የሳምንቱን ጉዞ አንድ በአንድ እያነበብሽ ምክንያቱን ጠይቂው። ሐሙስ ላይ ስትደርሺ በዚያው ድምፅ «እዚህስ ምን ልጻፍ? ነገ ቢጠይቁን ምን እንላለን?» በይው። ሌላ ቃል አትጨምሪ።

«የግል ነው» ካለሽ ጉዞውን አትሰርዥው፤ ምድቡን ብቻ ወደ «የግል» ለውጪው። ስኬጁል ሲ የሚባለው ፎርም መኪናው ለሥራም ለሌላም የሄደውን ማይል ይጠይቃልና ቁጥሩ ያስፈልግሻል። ቦታው ደርሶ መልስ 18 ማይል ነው እንበል። በዓመት 52 ሐሙስ 936 ማይል ነው፤ በ2025ቱ 70 ሳንቲም ሲባዛ 655 ዶላር ገደማ ተቀናሽ ይቀርባችኋል። ይህ ቤት አያፈርስም። ቤት የሚያፈርሰው ባዶ የቀረው ዓምድ ነው።

ምክንያቱን ከነገረሽም ስሚው እንጂ አትመርምሪው። አልናገርም ካለ ደግሞ አትጣዪ፤ ሐሙስን «የግል» ብለሽ መዝግቢና ፋይሉን ዝጊ። ያን ጊዜ የሒሳቡ ጥያቄ አለቀ ማለት ነው። የቀረውን ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ እንመካከርበታለን።