ችግኝ ቆጠርን፤ ወፎቹንስ?

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አራዳ ጊዮርጊስ ግቢ ገብታችሁ ቀና በሉ። ዕድል ከቀናችሁ፣ ጽድ ላይ የሚንጫጩ ትናንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ታያላችሁ። እነዚህ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በተፈጥሮ የትም አይገኙም። የሾላና የጽድ ፍሬ ይበላሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ደግሞ በዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚገኘው ደግሞ በአብዛኛው ያረጀ ዛፍ ላይ ነው። ችግኝ ላይ ቀዳዳ የለም።

ጉዳዩም እዚህ ላይ ነው። ከጊዮርጊስ ብዙም የማይርቀው ውቤ በረሃ፣ ስሙ በረሃ ይሁን እንጂ በየግቢው ወይራና ጽድ የነበረው ሰፈር ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ስለ ቤቶቹ ብዙ ተባለ። ቤቱን ተከትሎ ስለሄደው የግቢ ዛፍ ግን እምብዛም አልሰማንም።

ልማቱን እየተቃወምኩ አይደለም። ሰፊውን የእግረኛ መንገድ እኔም በደስታ እሄድበታለሁ። ግን በመንገዱ ዳር የተተከለው ዘንባባና ሣር የተቆረጠውን ወይራ ይተካል ከተባለ፣ ሒሳቡ ልክ አይመጣም። ኢኮኖሚክስ ስንማር ክምችትና ፍሰት ለየቅል መሆናቸውን ገና ከጅምሩ ይነግሩናል። በየክረምቱ የምንተክለው ችግኝ ፍሰት ነው። የመቶ ዓመት ጽድ ግን ክምችት ነው፤ አንዴ ከወጣ በአንድ ትውልድ አይመለስም።

ከዚህ በፊትም አይተነዋል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የከተማዋን የማገዶ ችግር አቃለለ፤ እንጦጦንም አረንጓዴ አደረገው። አረንጓዴ መሆን ግን ለወፍ ሁሉ ቤት መሆን አይደለም። ለዚህም ነው ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ዛሬ ባሕር ዛፉን እየቀነሰ አገር በቀል ዛፍ የሚተካው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ያረጁ ዛፎች ይመዝገቡ፤ መንገዱም ሲቻል እነሱን ይዙር። ሁለተኛ፣ በዘንባባው መሐል ወይራ፣ ጽድና ኮሶ ይተከል። ሦስተኛ፣ በዓመት ሁለቴ ወፍ እንቁጠር፤ ጊዮርጊስ ግቢ፣ ውቤ በረሃና ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 መናፈሻ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። የዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ተማሪዎች ቅርብ ናቸው፤ ወጪውም አንድ መነጽርና አንድ ደብተር ነው።

በሚቀጥለው ክረምት የችግኝ ቁጥር ሲነገረን፣ አጠገቡ የወፎቹም ቁጥር ይነገረን።