ጾሙን ባደረ መሬት ላይ ሶላር ልትተክሉ ላሰባችሁ፦ ገዢው ማነው?



ሰሞኑን ከአገር ቤት የደረሰኝ የድምፅ መልእክት እንቅልፍ ነሥቶኛል። የአክስቴ ልጅ መቂ አካባቢ ጾሙን ያደረ መሬት ላይ ሶላር ፓኔል ደርድሮ መብራት ሊሸጥ አስቧል፤ ገንዘብ እንዳዋጣም ጠይቆኛል። እስቲ ሒሳቡን ቀስ ብለን እንየው ስለው «እናንተ እዚያ እየበላችሁበት፣ እኛ ስናስበው አያዋጣም ትላላችሁ» አለኝ። ገንዘብ መጠየቁ አልከበደኝም፤ ያመመኝ ይህ ቃሉ ነው።

«ይኸው፣ ጀርመን ተቀምጦ ሊመክረን መጣ» እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ፍለጋ የምትዳክሩት እናንተ ናችሁ። ግን ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ከገዙት አንዱ ነኝና ስለ መብራት አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ነውር አይመስለኝም። ገዢው ማነው?

እዚህ ፀሐዩ የእናንተን አያህልም። አንድ ኪሎ ዋት ፓኔል እዚህ በዓመት 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ቢሰጥ፣ እናንተ ዘንድ 1,600 ያህል ይሰጣል። የጀርመኑን ባለመሬት ያበላው ግን ሕጉ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2000 የወጣው ሕግ ከፀሐይ የመነጨ ኃይል ለ20 ዓመት በተቆረጠ ዋጋ እንዲገዛ አስገደደ። ገበሬውም ብዙውን ጊዜ ፓኔል አይገዛም፤ መሬቱን ለኩባንያ አከራይቶ ኪራዩን ይቆጥራል፣ ከፓኔሉ ሥር በግ ይግጣል። እሱም ቢሆን ዘንድሮ እንደ ድሮው አይደለም። በጸደይና በበጋ ፀሐይ ሲበረታ የኤሌክትሪክ ገበያው ዋጋ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቀን በዝቷል።

እናንተ ዘንድስ? በብሔራዊው መስመር ለሚሸጥ ኃይል ገዢው በተግባር አንድ ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል። እንደ ፈረንጆቹ በ2019 የሳዑዲው አክዋ ፓወር በአፋር ዲቸቶና በሶማሌ ጋድ የ250 ሜጋ ዋት ጨረታ ያሸነፈው በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሴንት አቅርቦ ነው። በዚያ ዋጋ ከአንድ ሄክታር በላይ የሚይዝ አንድ ሜጋ ዋት ፓኔል በዓመት 40 ሺህ ዶላር ገደማ ያስገባል። ማስተከያው በዓለም አማካይ ዋጋ ወደ 700 ሺህ ዶላር ነው። ወለዱን፣ ዘበኛውን፣ አቧራ ጠራጊውን፣ የሚቃጠለውን ኢንቨርተር ሳንቆጥር ዋናው ገንዘብ የሚመለሰው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። በዶላር ገዝቶ በብር ለሚሸጥማ ሐምሌ 2016 የብራችን ዋጋ እንዴት እንደወደቀ ማስታወስ ይበቃል። ደግሞስ 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ የገነባ መንግሥት ከአንድ ሰው ማሳ ለሚመጣ ኃይል ከዚያ የተሻለ ዋጋ ለምን ብሎ ይከፍላል?

(ጾሙን አደረ የተባለውን የአክስቴን ልጅ መሬት ደግሞ አውቀዋለሁ። የጎረቤት ላሞች ሲግጡበት በዓይኔ አይቻለሁ።)

ጨለምተኛ አታድርጉኝ። መቂ ላይ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ከጉድጓድ ውሃ የሚስበው በናፍጣ ሞተር ነው። ናፍጣ ሲጠፋ ወረፋ ይይዛል፣ ሲብስበት ከጥቁር ገበያ በውድ ዋጋ ይገዛል፤ ሽንኩርቱ ግን ወረፋ አያውቅም። እዚያ ላይ ፓኔል ያዋጣል። ገዢው ራሱ ባለማሳው ነዋ! ውሃውን ቀን ስቦ ስለሚያጠራቅም ባትሪ እንኳ አያስፈልገውም። አምስት ኪሎ ዋት ፓኔል የሚይዘው ቦታ ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ «ይቺማ ትንሽ ናት» አለኝ። ትንሽ! በየወሩ ለናፍጣ የሚከፍለው ግን ትንሽ አልመሰለውም፤ ስለሱማ ሁልጊዜ ያማርራል።

ተሳስተሃል የምትሉ ጻፉልኝ፤ ስድብም ቢሆን እችላለሁ። ስትጽፉ ግን የፓኔሉን ዋጋ ተዉትና የገዢውን ውል ላኩልኝ። በኪሎ ዋት ሰዓት ስንት? ለስንት ዓመት? በብር ነው በዶላር? ማን ፈረመበት? ይህን ላሳየኝ ሰው የድርሻዬን አዋጣለሁ። ለውሃ ፓምፕ ከሆነ ውልም አልጠይቅ፤ ዋጋውን ብቻ ንገሩኝ፣ እልካለሁ።